«ኤምአርአዩ ነፃ ነው» ማለት ፓርኪንሰን የለም ማለት ነው?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የአባቴ አንድ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃውም ዘግይቷል። የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነስቶ ነፃ ነው ተባልን። ታዲያ የፓርኪንሰን መድኃኒት ለምን ታዘዘለት?»

መልሱ ያለው አንዲት ትንሽ የአንጎል ክፍል ላይ ነው።

📌 የት ነው ያለችው?
ከአንጎል ግንድ የላይኛው ጫፍ ላይ መካከለኛው አንጎል የሚባል ቦታ አለ። እዚያ በግራና በቀኝ ጠቆር ያለ ቀጭን ሰቅ ይገኛል። ስሙ ሰብስታንሺያ ናይግራ ነው፤ በላቲን «ጥቁር ቁስ» ማለት ነው። ያጠቆረው በሴሎቹ ውስጥ የሚጠራቀም ኒውሮሜላኒን የሚባል ቀለም ነው።

📌 ሥራዋ ምንድን ነው?
ዶፓሚን አምርታ ስትራያተም ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ትልካለች። ስኒ ስናነሳ፣ ቁልፍ ስንቆልፍ፣ ከወንበር ስንነሳ እንቅስቃሴው ሳይጎተት የሚጀምረው በዚህ ዶፓሚን እርዳታ ነው። በፓርኪንሰን እነዚህ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። የእንቅስቃሴ ችግሩ ጎልቶ ሲወጣ ብዙዎቹ አልቀዋል።

በሽታውን እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን የገለጸው በ1817 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህች ክፍል ጋር መያያዙን ትሬትያኮፍ ያሳየው ግን በ1919 ነው፤ ያውም የሞቱ ታማሚዎችን አንጎል መርምሮ።

📌 ታዲያ ኤምአርአይ ለምን አያሳይም?
የተለመደው ኤምአርአይ የሚያሳየው የአንጎልን ቅርጽ እንጂ የዶፓሚንን መጠን አይደለም። ስለዚህ የብዙ ታማሚዎች ምስል «ነፃ» ይባላል። የምናዘው ስትሮክ፣ ዕጢ ወይም የፈሳሽ መጠራቀም እንዳይሆን ለማጣራት ነው።

ባለ 3 ቴስላ ማሽን በልዩ አነሳስ ጤነኛዋ ክፍል ላይ ለሁለት የተከፈለ የወፍ ጅራት የመሰለ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ በፓርኪንሰን ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ዳት ስካን የሚባለው የኒውክሌር ምርመራ ደግሞ የዶፓሚን ነርቮችን ጫፍ ያሳያል። ግን ሁለቱም ሐኪሙን ይረዳሉ እንጂ ብቻቸውን አይወስኑም። ፓርኪንሰን በዋናነት የሚታወቀው ታሪክ ተጠይቆ፣ አካል ተመርምሮ ነው።

📌 እነዚህን ካያችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉ
✔️ እጅ አርፎ ሳለ መንቀጥቀጥ፣ በተለይ በአንድ ወገን
✔️ የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ የሰውነት መገተር
✔️ ሲራመዱ አንዱ እጅ አለመወዛወዝ
✔️ የእጅ ጽሑፍ እያነሰ መሄድ

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም አሳዩ። እንደ ሜቶክሎፕራማይድና ሃሎፔሪዶል ያሉት ራሳቸው ተመሳሳይ ምልክት ሊያመጡ ይችላሉ።

⚠️ ሌቮዶፓ የታዘዘለት ሰው «ምስሉ ነፃ ነው» ብሎ በራሱ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። በድንገት ማቆም ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ የነርቭ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ።

እናት አባቱ ለገፉ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።