የቤንች ምድርና የታሪኩ ምልክቶች

የአንድን አውራጃ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው በዓይን የሚታይ ምልክት ነው። የሰሜኑ አገር አጥኚ የአክሱምን ሐውልት፥ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፥ የጎንደርንም ግንብ ለምስክርነት ይጠራል። ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወርድ ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያገኝም። የሚያየው ደን፥ እንሰት፥ ቡናና በየኮረብታው የተበታተነ ቤት ነው። ከዚህም የተነሣ «ይህ አገር ታሪክ የለውም» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ፍርዱ የተሳሳተ ነው። የቤንች ምድር ምልክቶች በድንጋይ ላይ ሳይሆን በስም፥ በቋንቋ፥ በደንና በቡና ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉና።

አስቀድመን ስሙን እንመርምር። ቤንች፥ ሼና መር የተባሉትን ወገኖች የውጭ ሰዎች በጅምላ «ጊሚራ» ይሏቸው ነበር። በካፋ ጠቅላይ ግዛት ዘመንም አውራጃው በይፋ የሚጠራው በዚሁ ስም ነበር። በቀድሞ ካርታዎች ላይ ሸዋ ጊሚራ ተብላ የምትገኘው ከተማ ዛሬ ሸዋ ቤንች ናት። ሚዛን ተፈሪም ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን ተብላለች፤ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የቤንች ሸኮ ዞን መቀመጫ ናት። አሮጌውንና አዲሱን ስም አስተያይቶ የሚያነብ ሰው፥ በየዘመኑ ሰያሚው ማን፥ ተሰያሚውም ማን እንደ ነበረ ይረዳል።

ሁለተኛው ምልክት ቋንቋው ነው። የቤንች ቋንቋ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፥ የቃሉ ፍች በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ይለያል። አምስት ደረጃቸውን ይዘው የሚዘልቁና አንድ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ፥ በድምሩ ስድስት የድምፅ ዓይነቶች አሉት፤ ይህም በዓለም ቋንቋዎች መካከል ብርቅ የሆነ ነገር ነው። ይልቁንም ተናጋሪዎቹ፥ በተለይ ወንዶቹ፥ በሩቅ ለመነጋገር ሲሹ ይህንኑ ዜማ ወደ ፉጨት ይለውጡታል። ከንፈርን በማሹለክ ወይም መዳፍን በመግጠም የሚፎጨው ድምፅ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ራሱ ንግግር ነው። ነገር ግን ሐውልት ሠሪው ከሞተ በኋላ ይቆማል፤ ቋንቋ ግን ተናጋሪው ከተነቀለ አብሮ ይነቀላል። የቤንች ሕዝብም ለዚህ አደጋ የተጋለጠበት ዘመን ነበረ።

በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በካፋ ላይ ዘመቱ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማርከው የካፋ መንግሥት ፈረሰ። ከዚህ በኋላ የጊሚራ አገር ጸንቶ በተያዘ ጊዜ፥ ባላገሩ ለወታደሩ በገባርነት ተደለደለ። ገባሩ ግብር በመክፈል ብቻ አልዳነም፤ ራሱም እንደ ንብረት ይነዳ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ ጊሚራ በወረዱ ጊዜ ብዙ ሰው እየተያዘ ወደ መሐል አገር መወሰዱን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመትም ባሪያን ነጻ ስለ ማውጣት ሕግ ታወጀ። ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የገባሩን ሥርዓት ርዝራዥ ያጠፋው ደግሞ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው ደኑን በሌላ ዓይን ያያል። ባለቤቱ የተወሰደበት ወይም የሸሸበት እርሻ ዳዋ ይለብሳል፤ ዝናብ በማይታጣበትም በዚያ አገር ዳዋው ሳይዘገይ ጫካ ይሆናል። ስለዚህ ጎብኚ «ድንግል ደን» የሚለውን ሁሉ እንዲሁ መቀበል አይገባም። አጥኚው አስቀድሞ «በዚህ ማን ይኖር ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ ያስፈልገዋል።

አራተኛው ምልክት ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1931፥ እንግሊዞች በማጂ ቆንስላ በነበራቸው ጊዜ፥ ጌሻ ከሚባለው ስፍራ አካባቢ የቡና ዘር ተለቅሞ ወደ ኬንያ ተላከ። ዘሩ በታንጋኒካ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያ አገር ውድድር አንደኛ ከወጣ በኋላ ዋጋው በዓለም ገበያ ከሁሉ በላይ ናረ። ስሙን ዛሬ የሩቅ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ደኑን ጠብቆ ያቆየውን ገበሬ ግን የሚያውቀው የለም።

በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ፥ የኖርዛምፕተን አውራጃ የፍርድ ቤት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይገኛል። በእንዲህ ያለው መዝገብ የጌታው ርስት ብቻ ሳይሆን የባሪያውም ስም አንዳንድ ጊዜ ይነበባል። ከቤንች ምድር የተነዱት ሰዎች ስም ግን በእንዲህ ያለ መዝገብ አልሰፈረም፤ የሚታወሱት በዘመዶቻቸው ቃል ብቻ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቡ 350,000 ያህል ሆኖ መገኘቱ ትውልዱ እንዳልጠፋ ያስረዳል። አያቶቹ የነገሩትን የሚያስታውስ ሽማግሌ ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። እንግዲህ የተማሪዎቻችን ተግባር የሌለውን ሐውልት መፈለግ ሳይሆን፥ የጎሣውን፥ የወንዙንና የተተወውን መንደር ስም ከሽማግሌዎች አፍ፥ በራሳቸው ቋንቋ፥ ሳይውል ሳያድር መጻፍ ነው።