ቡና ሲወርድ የማይወርደው ግብር

ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ ወደ ቴፒ የሚጓዝ መንገደኛ የሸኮን ወረዳ ሲያቋርጥ በግራም በቀኝም የሚያየው ልምላሜ ነው። ቡናው በዋንዛና በሌሎች የደን ዛፎች ጥላ ሥር ቆሟል፤ በየጓሮው እንሰት፣ ጎደሬና በቆሎ አለ፤ ከዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ይህን አገር አይቶ ችግር አለበት ብሎ የሚያምን እንግዳ ጥቂት ነው። ሆኖም የቡና አገር ችግር የሚታየው በማሳ ላይ ሳይሆን በኪስ ነው። የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት ጎደሬው አይጠፋም፤ የሚጠፋው የጨው፣ የልብስ፣ የደብተር፣ የመድኃኒትና የግብር ገንዘብ ነው።

ከነዚህ ወጪዎች መካከል አብዛኞቹን ገበሬው እንደምንም ሊያሳንሳቸው ይችላል። አሮጌውን ልብስ ጥፎ ይለብሳል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል፤ ሕመሙን ይዞ ቤቱ ይተኛል። ግብሩ ግን ቀን ተቆርጦለት ይመጣል። ዛሬም ብዙ ሰው የገጠር ቀበሌን የሚጠራው «ገበሬ ማኅበር» ብሎ ነውና፣ ግብሩ ለምን አልተሰበሰበም ተብሎ ከወረዳ የሚጠየቀውም፣ ችግረኛው ማን ነው ተብሎ የሚጠየቀውም የማኅበሩ መሪ ነው። በመሆኑም ዋጋ ሲወድቅ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ይረፍ የሚለው ክርክር ለፓርቲዎችና ለከተማ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ዋጋው የሚወድቀው የት ነው?

የሸኮ ቡና ዋጋ የሚቆረጠው በሸኮ እንዳልሆነ ማንኛውም ቡና አምራች ያውቃል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል የወደቀው ውርጭ የዚያን አገር የቡና ዛፍ ባቃጠለ ጊዜ የዓለም ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ በ1969 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው ቡና፣ ከ3 ዶላር በላይ ተሽጧል። በዚያን ጊዜ ከትርፉ ብዙውን በቀረጥና በተጨማሪ ግብር የወሰደው መንግሥት ነበር። የገበሬው ድርሻ በውጭ ገበያ ከተሸጠበት ዋጋ ግማሹንም አያህልም ነበር።

ለረጅም ጊዜ ዋጋውን ደግፎ የያዘው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ነው። ስምምነቱ ለእያንዳንዱ አምራች አገር ኮታ ይመድብ ስለነበር ገበያው አይጥለቀለቅም። በሰኔ መጨረሻ 1981 ዓ.ም. ኮታው ሲታገድ በወራት ውስጥ ዋጋው አሽቆለቆለ። ሁለተኛውና የከፋው ውድቀት የመጣው በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ነበር። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛዋ ትልቅ ቡና ላኪ ሆና ገበያውን አጥለቀለቀችው፤ አማካዩ የዓለም ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በ1992 የበጀት ዓመት 260 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የኢትዮጵያ የቡና ገቢ በ1994 ከ170 ሚሊዮን ዶላር በታች ሆነ። ከሦስት እጅ አንዱ በሁለት ዓመት ጠፋ ማለት ነው። በሸኮ ማሳ ላይ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። ዝናቡ ዘንቧል፤ ቡናው አፍርቷል፤ ለቀማው ያንኑ ያህል ድካም ጠይቋል።

የሁለቱ ግብሮች ልዩነት

ግብር ሁሉ አንድ አይደለም። ከዋጋው ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ግብር ዋጋው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ቡና ወደ ውጭ ሲላክ ይከፈል የነበረው 6.5 በመቶ ቀረጥ እንዲህ ያለ ነበር። በዚያው የውድቀት ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት ይህንንም አንስቶታል። እርምጃው መልካም ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የቀለለው ላኪው ነጋዴ ነው። ቅናሹ ከላኪ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ ገበሬ የሚወርደው ገዢዎች እርስ በርስ የሚሻሙበት ገበያ ሲኖር ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ አንድ ሰብሳቢ ብቻ ሚዛኑን ይዞ ከመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ የተነሳው ቀረጥ እዚያ ለመድረሱ ዋስትና የለም።

የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ግን ሌላ ነው። በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 77 ሲደነገግ ለአንድ የገበሬ ማኅበር አባል ክፍያው 4 ብር፣ ዝቅተኛው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ደግሞ 3 ብር፣ በድምሩ 7 ብር ነበር። በኋላ በወጣው ማሻሻያ ድምሩ ወደ 20 ብር ከፍ ብሏል። በላዩ ላይ ልዩ ልዩ መዋጮ ይታከልበት እንደነበር የዚያን ዘመን ሰብሳቢዎች አይረሱትም። በኋላ ክልሎች ክፍያውን በመሬት ስፋት መሠረት ማስከፈል ጀመሩ። ያም ሆነ ይህ በቁጥር የተወሰነ ክፍያ የገበያን ወሬ አይሰማም።

ይህ በኪሎ ሲመነዘር ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል፣ 40 ብር የሚፈለግበት ገበሬ ጀንፈሉን በኪሎ 4 ብር ቢሸጥ 10 ኪሎ ይበቃዋል። ዋጋው ወደ 1 ብር ቢወርድ ግን ያንኑ ግብር ለመክፈል 40 ኪሎ ማውጣት አለበት። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው 40 ብር ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረበትም። ገበሬው ግን አራት እጥፍ ከፍሏል። ሰብሳቢው «ግብር አልጨመርንም» ቢል አልዋሸም፤ ገበሬው «ግብር በዛብኝ» ቢልም እንዲሁ አልዋሸም። በየስብሰባው የሚነሳው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

ችግር ውስጥ የገባው ገበሬ የሚያደርገው ደግሞ የታወቀ ነው። ቡናውን ገና በዛፍ ላይ ሳለ ቀብድ ተቀብሎ በርካሽ ይሸጣል፤ ወይም አራጣ ይበደራል። በዚህ ምክንያት የአንድ ዓመት የዋጋ ውድቀት የሚቀጥለውንም ዓመት ምርት ይዞ ይሄዳል።

አቤቱታው ለማን ይቅረብ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ከፋፍሎታል። ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን በአንቀጽ 96 ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጥቷል። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብር ግን በአንቀጽ 97 የክልል ነው። ስለዚህ የሸኮ ገበሬ ስለ መሬት ክፍያው አቤት ማለት ያለበት በቅድሚያ ለአዲስ አበባ ሳይሆን ለክልሉ ነው። ክልሉ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ መቀመጫው ሐዋሳ የነበረው የደቡብ ክልል ነበር፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። ለአቤቱታ ይሄድ የነበረው መንገድ እጅግ አጥሯል። ይህን ያላወቀ መሪ አቤቱታውን ለማይመለከተው ያሰማል።

ፓርቲዎች ገበሬውን የሚያነጋግሩበት ጊዜም አለ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተካሄደው ክርክር እስከ ገጠር ድረስ ተሰምቷል። ጎልቶ የወጣው የመሬት ባለቤትነት ጉዳይ ነበር፤ መሬት ይሸጥ፣ አይሸጥ። ጥያቄው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ለቡና አምራች ሌላም ጥያቄ አለ፤ ዋጋ በወደቀ ዓመት የመሬት ክፍያው ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ማን ይወስናል? በስንት ቀን? ድምፅ ሊለምን የመጣን ሰው ይህን በቀጥታ ጠይቆ መልሱን በቃለ ጉባኤ መያዝ ይቻላል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው የአካባቢው ቁስል አለ። ያ የቡና ውድቀት በተከሰተበት በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ከሸኮና ከመዠንግር ሕዝብ የአስተዳደር ጥያቄ ጋር በተያያዘ ግጭት ብዙ ሰዎች ተገድለዋል። ግጭቱን የቡና ዋጋ አመጣው ማለት ስሕተት ነው፤ ጥያቄው የሥልጣንና የውክልና ነበር። ነገር ግን ግብር ከፋዩ «የሚሰማኝ አስተዳደር የለም» ብሎ በሚያምንበት ቦታ ስለ ግብርም ሆነ ስለ እርዳታ ረጋ ብሎ መከራከር አይቻልም። መጀመሪያ መሰማት ያስፈልጋል።

እርዳታው በምን ይለካል?

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የገባው በየዓመቱ የእህል እርዳታ ይቀበሉ ወደነበሩ ወረዳዎች ነው። ድርቅ ለሚመታው አካባቢ አሠራሩ ትክክል ነው። የቡና አገር ግን እህል የመቀበል ታሪክ ስለሌለው በዚያ ሚዛን አይነሳም፤ ጎተራውን እንጂ ኪሱን የመዘነው የለም። አገሪቱ ራሷ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ከአበዳሪዎች ተጨማሪ የዕዳ ስረዛ ስታገኝ አንዱ ምክንያት የቡና ዋጋ መውደቅ እንደነበር ይታወሳል። መንግሥት ቡና ረከሰብኝ ብሎ ዕዳው ከቀለለለት፣ ያው ቡና የረከሰበት ገበሬ ተመሳሳይ ነገር ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በቅርብ የሚገኘው ድጋፍ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ መክፈል የማይችሉ ድሆች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል። የድሆቹ ስም ዝርዝር የሚነሳው ከቀበሌ ነው። ዝርዝሩ አምና የተጻፈ ከሆነ፣ ዘንድሮ ቡናው የረከሰበት ወይም አምጪው የሞተበት ቤት በውስጡ የለም። በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች በለቀማ የሚተዳደሩት የቀን ሠራተኞችም እንዲሁ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው፤ ከሌላ አካባቢ የመጡ በመሆናቸው «የማን ሰው ናቸው?» ተብለው ይቀራሉ። ይህንን ለማረም የበላይ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዝርዝሩን በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ማንበብ ይበቃል።

ከዚያ የተረፈውን እድርና ደቦ ይሸከሙታል። እድር ለሞት የተዘጋጀ ነው፤ ዋጋ ሲወድቅ ግን ሁሉም አባል በአንድ ጊዜ ይቸገራልና አንዱ ሌላውን ሊያነሳው ይከብደዋል። ስለዚህ መጠባበቂያው ዋጋው ከፍ ባለበት ዓመት መሰብሰብ አለበት።

 በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በኒውዮርክ አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ በዚያው የበጀት ዓመት የኢትዮጵያ የቡና ገቢ ከ2 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። በቤንች ሸኮና በሸካ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲህ ያለውን ዘመን እንዴት ያሳልፉታል? በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ አዋጅ ቁጥር 147 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው በመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ይደነግግ ነበር፤ አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። ያ መጠባበቂያ ግን የማኅበሩ ነው፤ የአባሉን ግብር ወይም መድኃኒት አይከፍልም። ለዚህ የተለየ ሣጥን ያስፈልጋል። መቶ አባላት እያንዳንዳቸው 500 ኪሎ እሸት ቡና ቢያስረክቡና ከየኪሎው 1 ብር ቢቀር 50,000 ብር ይሆናል።

ገንዘቡ ቀላል፣ አጠባበቁ ከባድ ነው። ሣጥኑ መቼ እንደሚከፈት፣ ማለትም ዋጋው ከስንት ብር በታች ሲወርድ እንደሆነ፣ አስቀድሞ ካልተጻፈ ከባንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲጎተት ያልቃል። ቆላው ለቀማ የሚጀምረው በመስከረም ነው። ይህ በነሐሴ ጉባኤ ላይ ቢቀርብ አባላቱ ገና ገንዘቡን አልጨበጡትምና ለመወሰን አይከብዳቸውም፤ በጥር ከቀረበ ግን ብሩ ቆርቆሮና በሬ ሆኗል።