ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር፦ የሐኪም ፈቃድ ስለማጣራት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዙሪክ ከተማ አንድ በዕድሜ የገፉ ወገናችንን ይዤ ወደ መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። ካንሰር የሚያሠቃያቸው ሰው ናቸው፤ በእጃቸው የያዙትም የሞርፊን ማዘዣ ነው። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አገላብጣ አየች፤ ኮምፒውተሯን ነካካች፤ ከዚያም ስልክ አነሳች። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምነው ልጄ፣ ሌባ መሰልናት እንዴ?» አሉኝ። እውነት ለመናገር እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ስታጣራ የነበረው እኛን ሳይሆን ሐኪሙን ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በስዊዘርላንድ ለሐኪም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ካንቶኑ ነው። የፌዴራሉ የጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ «ሜድሬግ» የተባለ የሐኪሞች መዝገብ ይዟል፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ሊያየው ይችላል። ሐኪሙ የት ካንቶን ፈቃድ እንዳለው፣ በምን እንደሠለጠነ፣ አደንዛዥ መድኃኒት ለማግኘት መብት እንዳለው በመዝገቡ ይሰፍራል። የዲሲፕሊን ቅጣት ግን ለባለሥልጣናት ብቻ የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የአደንዛዥ መድኃኒቶች ሕግም ሐኪሙ ከሕክምና ሳይንስ አስፈላጊነት በላይ እንዳያዝ ያስገድደዋል። ማዘዣው ራሱ ተራ ወረቀት አይደለም፤ አንዱ ለመድኃኒት ቤቱ፣ አንዱ ለኢንሹራንሱ፣ አንዱ ለሐኪሙ የሚቀር ባለሦስት ቅጂ ልዩ ቅጽ ሆኖ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው።

እያንዳንዱ ሐኪም ባለ13 አኀዝ መለያ ቁጥርም አለው። እዚህ ላይ እኔን መሐንዲሱን የሚስበኝ የመጨረሻው አኀዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን 12 አኀዞች ከግራ ጀምረን በየተራ በ1 እና በ3 እያባዛን እንደምራለን፤ ድምሩን ወደሚቀጥለው የአሥር ብዜት የሚያደርሰው ቁጥር 13ኛው አኀዝ ነው። ድምሩ 58 ከሆነ 13ኛው 2 ይሆናል ማለት ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢያንም ሐኪሞች አደንዛዥ መድኃኒት ለማዘዝ የሚመዘገቡበት ቁጥር ተመሳሳይ ጠባቂ አኀዝ እንዳለው ታውቁ ይሆናል።

ነገር ግን አንሳሳት። ስሌቱ የሚይዘው የጽሕፈት ስሕተትን እንጂ አጭበርባሪን አይደለም፤ ቀመሩን አጭበርባሪውም ያውቀዋል። ቁጥሩ በትክክል መጻፉ ፈቃዱ ዛሬ የጸና መሆኑን አይነግረንም። ስለዚህ ነው ፋርማሲስቷ መዝገቡን አይታ፣ በወረቀቱ ላይ በታተመው ስልክ ሳይሆን ራሷ ፈልጋ ባገኘችው ቁጥር የደወለችው። ሐሰተኛ ማዘዣ ሐሰተኛ ስልክም ሊይዝ ይችላላ!

የሁለቱ ከተሞች ልዩነትም ትምህርት አለው። በጄኔቭ በመደበኛው አሠራር ሐኪሙ ያዛል፣ መድኃኒት ቤቱ ይሰጣል፤ ሁለት ዓይን አለ። በዙሪክ ከተማ ግን ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈቃድ ያለው ሐኪም ራሱ አዝዞ ራሱ መስጠት ይችላል። ሁለተኛው ዓይን በሌለበት የመዝገቡና የካንቶኑ ቁጥጥር ይበልጥ ይከብዳል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሕግ አለን፤ ተቋምም አለን። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ባሕር ዳር ያለ ፋርማሲስት ሐዋሳ ያለ ሐኪም የጻፈውን የሞርፊን ማዘዣ ይዞ ሲቆም፣ የሐኪሙ ፈቃድ የጸና መሆኑን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማወቅ ይችላል ወይ? ካልቻለ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ በጭፍን መስጠት ወይም በጭፍን መከልከል። በመጀመሪያው ነጋዴው ይጠቀማል፤ በሁለተኛው ሕመምተኛው ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል።

ማጣራት መከልከል ማለት አይደለም። ያን ቀን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጋሼ መድኃኒታቸውን ይዘው ወጡ፤ ማጣራቱ የፈጀው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሶፍትዌር መጻፍ የምናውቅ በየአገሩ የተበተንን ባለሙያዎች ለአገር ቤት ምን እንሥራ እያልን ስንጨነቅ፣ ይህችን አሥር ደቂቃ ብናስብባት መልካም ይመስለኛል።

ቸር ይግጠመን።