የምትወድ ሴት በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ድራማ

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ድራማ ፍቅር የሌለበት ታሪክ ማግኘት ይቸግራል። ሴቷ ትፈቀራለች፣ ትታጫለች፣ ትከዳለች፣ ታለቅሳለች። እሷ ራሷ ማንን እንደምትሻ፣ ለምን እንደምትሻና የሻችውን ብታገኝ ኑሮዋ ምን እንደሚመስል ግን የታሪኩ ዋና ጉዳይ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የወንዱ መውደድ ታሪኩን ሲያስኬደው የሴቷ መውደድ በአብዛኛው ታሪኩን የሚያበላሽ ጣጣ ሆኖ ይመጣል፤ ዋጋውን የምትከፍለውም እሷው ናት። ነገሩ የአንድ ድራማ ወይም የአንድ ጣቢያ ጥፋት አይደለም፤ የስድሳ ዓመት ታሪክ አለው።

በሌላው ዓለም ለዚህ ጉዳይ የተመቸ አንድ የድራማ ዓይነት አለ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ባለታሪክ ያለው፣ በራሱ ተጀምሮ በራሱ የሚያልቅ፣ ክፍሎቹን የሚያያይዛቸው ጭብጡ ብቻ የሆነ ስብስብ ድራማ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1997 በሾውታይም የታየው «ሬድ ሹ ዳያሪስ» ሴቶች ስለ ፍቅርና ስለ ሥጋዊ ፍላጎታቸው ለአንድ ሰው በሚልኩት ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሥራው ብዙውን ጊዜ ለዓይን ያደላ ነው የሚል ወቀሳ ቢቀርብበት አያስደንቅም። በህንድ እ.ኤ.አ. በ2018 በኔትፍሊክስ የወጣው «ላስት ስቶሪስ» ግን ከዚህ ይልቃል። አራት ዳይሬክተሮች አራት አጫጭር ታሪኮች የሠሩበት ሲሆን፣ የዞያ አክታር ታሪክ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ነው። ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ጋር በፍቅር ትተኛለች፤ ጥቂት ቆይቶ ወላጆቹ ሙሽራ ሊያጩለት ይመጣሉ፤ ለእንግዶቹ ሻይ የምታቀርበው ራሷ ናት። ብዙም አትናገርም። ካሜራው እጇንና ትሪውን እየተከተለ የውስጧን ያሳያል። በብዙ የኢትዮጵያ ከተማ ቤቶች ሊሆን የሚችል ታሪክ ነው፤ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በእሷ ዓይን ሲነገር ማየት ግን ብርቅ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የወጣውም በዚያው በ1957 ዓ.ም. ነበር። ገና ከርዕሱ ጀምሮ የሚጠየቀው ስለ አባት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ መውደዷ በግልጽ ከተጻፈላቸው ሴቶች ዋነኛዋ ናት። ባል የሚመርጥላት አባቷ ነው፤ የሚመጣውን ሁሉ ለዘራችን አይመጥንም እያለ ይመልሳል፤ እሷ ግን አስተማሪዋን በዛብህን ትመርጣለች። መጨረሻዋ ምንኩስናና መቃብር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ታሪኩ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጭምር ደረሰ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መልክ በኢቢሲ ቀርቧል። ድንቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ ድራማዎች የወረሱት ግን የሐዲስን ማኅበራዊ ትችት ሳይሆን መጨረሻውን ብቻ ነው፤ በራሷ ምርጫ የወደደች ሴት መጥፊያዋ ቀርቧል የሚለውን።

ከቴሌቪዥን በፊት ግን ሴቶች ስለ ፍቅራቸው በራሳቸው አፍ ይናገሩ ነበር። በመድረክ ከቀደሙት ሴት ተዋንያን አንዷ የነበረችው አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስለምትወደው ሰው ስትዘፍን ማንም አላስቆማትም። በምሥራቅ ደግሞ የሶማሌ ሴቶች ቡራንቡር የሚሉት የራሳቸው የግጥም ስልት አላቸው፤ በሐረሪ ሠርግም የሴቶች ዜማ ከወንዶቹ አያንስም። የቃል ጥበቡ የሴቷን መሻት በግልጽ ሲያስተናግድ ቴሌቪዥኑ ሊያስተናግደው አልቻለም። ምክንያቱን በባህል ላይ ብቻ መጣል ለዚህ ነው የማያስኬደው።

አንዱ ምክንያት ድራማው የተሠራበት ዓላማ ነው። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ኤድስ አገሩን ሲያምስ ድራማ የጤና ትምህርት መሣሪያ ሆነ። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በሬዲዮ ያቀረበው ድራማ «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላልፏል፤ ከአድማጮች የጎረፈው ደብዳቤ ሴቶች ስለ ትዳር፣ ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የሚያወሩበት መድረክ ምን ያህል ይናፍቁ እንደነበር ያሳያል። ዘዴው የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ ካዳበረው የመጣ ነው፤ አንድ ጥሩ አርአያ፣ አንድ መጥፎ አርአያ፣ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ገጸ ባሕርይ። ይህ ሥራ ሕይወት አትርፏል፤ ሊመሰገን ይገባል። ጎን ለጎን ግን አንድ ልማድ አስለመደ። ፍላጎት ከበሽታ፣ ከማስጠንቀቂያና ከቅጣት ጋር ተጣብቆ ቀረ። ከቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ጀምሮ በነበሩት ፊልሞች ላይም የዚያው ዘመን ፍርሃት ጥላውን አጥልቷል። የምትወድ ሴት ስትታይ ተመልካቹ ቀድሞ የሚጠብቀው የምርመራ ውጤቷን ሆነ።

ሌላው ምክንያት የተከታታይ ድራማው ቅርጽ ነው። የአድነው ወንድይራድ «ገመና» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰው ሁሉ የቤት ውስጥ ምስጢር ያወራ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል የቆየው «ሰው ለሰው» ደግሞ ተዋናዩን አበበ ባልቻን በአስናቀ ስም አገር እንዲያውቀው አደረገ። ሁለቱም የአማርኛን የቴሌቪዥን ድራማ ከፍ ያደረጉ ሥራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ መቶ ክፍል የሚዘልቅ ድራማ በየሳምንቱ አዲስ ሴራ ይፈልጋል። ሴራ ደግሞ ምስጢር፣ ውርስ፣ የተሰወረ ልጅና ተንኮለኛ ባላንጣ ያስፈልገዋል። የአንዲት ሴት ዝም ያለ መሻት፣ ለምሳሌ ባሏ ከሞተ አሥር ዓመት የሆናት እናት ሳታስበው ለአንድ ሰው ልቧ መድከሙ፣ በእንዲህ ያለ ሩጫ ውስጥ ቦታ አያገኝም። ቦታ ቢያገኝ እንኳ ለሌላ ሴራ መቀስቀሻ ይሆናል እንጂ ለራሱ አይቆምም። በአርባ ደቂቃ ተጀምሮ የሚያልቅ ድራማ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ግርግር ተነሣ። የፊልምና የቴአትር ሙያ ማኅበራት ባህልን ይበርዛል፣ የአገር ውስጡን ሥራ ይገድላል ብለው ተቃወሙ። ስለ ሥራቸው መስጋታቸው ትክክል ነበር። ተመልካቹን፣ በተለይ ሴቷን ተመልካች፣ ከማያ ገጹ ፊት ያስቀመጣት ምን እንደሆነ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። በቱርኩ ድራማ «ጥቁር ፍቅር» ውስጥ ኤሊፍ ጌጣጌጥ የምትነድፍ፣ የራሷ ሥራና ገንዘብ ያላት፣ ፖሊሱን ኦመርን ወዳ ለመውደዷ ማንንም የማታስፈቅድ ሴት ናት። የኦመር መልከ መልካምነትና የኢስታንቡል ባሕር ሳይዘነጋ፣ ሴቷ ወዳ አለመጥፋቷ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

በአገር ውስጥ የመጣው ለውጥ ሴቶች ብዕሩን ከመያዛቸው ጋር አብሮ ሲሄድ ይታያል። «ረቡኒ» የተባለውን ፊልም የሠራችው ቅድስት ይልማ፣ «ስምንቱ ሴቶች» የተባለውን የፈረንሳይ ተውኔት ወደ አማርኛ መልሳ ለመድረክ ያበቃችው አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ በጋራ የደረሱት ተከታታይ ድራማ «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲቀርብ የገጠሯ ሴት ለዛዋን፣ ቁጣዋንና ልቧን ይዛ መጣች። ንግግሩ ሴቶች ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩትን ይመስላል። ወንድ ደራሲ ይህን ሊጽፍ አይችልም ማለት አይደለም፤ እስካሁን ግን የሞከረው ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ በድሬዳዋ፣ በሳቢያን ሰፈር ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛና ሐረርኛ በአንድ ግቢ የሚሰሙባት ከተማ ናት። የሳቢያን ቤተሰብም አንድ ጣቢያ ብቻ የሚያይ አይደለም። በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ፣ በሶማልኛ የተመለሰ የህንድ ፊልም፣ በአፋን ኦሮሞ የተሠራ ድራማ በአንድ ሳሎን ይፈራረቃሉ። ሙቀቱ በረድ ሲል ቡና ተፈልቶ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ወሬው የሚዞረው በገጸ ባሕርያቱ ላይ ነው፤ «እኔ ብሆን አልመለስለትም» የምትለዋ ስለ ኤሊፍ ብቻ አይደለም የምታወራው። በድራማው ሰበብ ስለ ራሷ ትናገራለች፤ ሌላ ጊዜ በግልጽ ብትለው ነውር የሚሆንባትን እዚያ ያለ እፍረት ትለዋለች። ይህን ሁሉ የምታስተናግደው ከተማ ራሷ ግን በድራማዎቹ ውስጥ ብዙም አትታይም። ከዚራ፣ መጋላ፣ ደቻቱ፣ ሳቢያን ቢታዩ እንኳ ለማለፊያ ምስል ነው።

ስብስብ ድራማ ለእንዲህ ያለ ከተማ በገንዘብም ይቀላል። አንድ ክፍል አንድ ቤት፣ ሦስት ወይም አራት ተዋናይ ይበቃዋል፤ ሁለት መቶ ክፍል የሚያስኬድ ስፖንሰር አይጠይቅም፤ አንዱ ክፍል በአማርኛ፣ ቀጣዩ በሶማልኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሊሠራ ይችላል፤ ደራሲዋም በየክፍሉ ሌላ ልትሆን ትችላለች። በሕግም በኩል ቢሆን የብዙኃን መገናኛ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሕፃናትን መጠበቅ ይጠይቃል እንጂ የአዋቂ ሴት ፍቅር አይነገር አይልም። ለማሳየት መጋለጥ የግድ አይደለም፤ የዞያ አክታር ሠራተኛ በሻይ ትሪ ሁሉንም ብላዋለች።

የድሬዳዋ ብዙኃን መገናኛ የራሱ ቴሌቪዥንና ኤፍ ኤም ሬዲዮ አለው። ከሳምንቱ ሰዓቶች አርባ ደቂቃ ለዚህ ቢመድብ፣ ለከተማዋ ሴት ጸሐፊዎችም ጥሪ ቢያቀርብ፣ ታሪኩ በየግቢው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ኃላፊዎቹ ይህን ገጽ ካነበቡ ጥሪውን ዛሬ ያውጡት።