ጤና አዳምና ነፍሰ ጡሯ ምራት

ከጅማ እስከ አጋሮ ቡናው ሲቀዳ አንዲት ቀንበጥ ጤና አዳም ጣል ካልተደረገበት ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው። ሽታውስ ቢሆን! ሆድ ሲቆርጥም እናቶች የሚሮጡት ወደ ጓሮ ነው፤ ወይ ለዳማከሴ፣ ወይ ለጤና አዳም።

ችግሩ የሚመጣው ምራት ስታረግዝ ነው። አማት ሆዬ በፍቅር «ጠጪው ልጄ፣ ለሆድሽ ደግ ነው» ብለው ጨምቀው ያቀርቡላታል። እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት ትጨልጠዋለች። እናንተዬ፣ ስሙ «ጤና» ነው ተብሎ እንዲህ ይኮናል እንዴ? ጤና አዳም ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል፤ በዛ ብሎ ሲወሰድ ደግሞ ፅንስ እስከ ማስወረድ ይደርሳል። (በነገራችን ላይ፣ ቅጠሉን ያሸ እጅ ሳይታጠብ ፀሐይ ከመታው ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ ሊቋጥር ይችላል።)

ስለዚህ እስክትወልድ በሲኒዋም ባይጨመርባት ይሻላል። ይህንን ለእናቱ መንገር ያለበት ባልየው ነው፤ ምራትማ በምን አፏ!