«ሲስተም የለም» ለብዙ አገር በአንዴ የተባለባት አርብ

«ሲስተም የለም።»

ይህቺን ነገር ሰምቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ባንክ ተሰልፋችሁ ሦስት ሰው ሲቀራችሁ፣ ወረዳ ለመታወቂያ በጠዋት ተነስታችሁ ሄዳችሁ፣ ነዳጅ ማደያ ተራችሁ ደርሶ... መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ቀና ሳይል ይነግራችኋል። «መቼ ይመጣል?» ብትሉ መልሱ ትከሻ መነቅነቅ ነው። በቃ።

እኔ በዚህ ነገር የተናደድኩት ባለፈው ክረምት ነው። እናቴ ስኳር አለባት፣ በየሦስት ወሩ ክትትል አላት። ለደም ምርመራ ቁርስ ሳትበላ ይዣት አንድ ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን እያየች «እናት፣ ሲስተም የለም፣ ትንሽ ይጠብቁ» አለቻት። ትንሹ አራት ሰዓት ሆነ። ሐኪሙ አለ። ነርሷ አለች። መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ ይታየናል። ግን እናቴ ማን እንደሆነች፣ ባለፈው ስንት ሚሊግራም እንደታዘዘላት የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሮጬ ብስኩትና ጁስ ገዝቼ አመጣሁ። በላች፣ ተሻላት፤ ምርመራው ግን ለሌላ ቀን ተቀየረ።

ያን ቀን ወረፋ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ሳነብ የዋልኩት ይኸው «ሲስተም የለም» ከአውስትራሊያ እስከ አሜሪካ በአንድ ቀን ስለተባለባት አርብ ነው። ብዙዎቻችሁ ሰማያዊውን ስክሪን በሚም ታስታውሱታላችሁ። ከሚሙ ጀርባ ያለውን ግን በደንብ ያስረዳን ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እስቲ እንሞክር።

ቀኑ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2024። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የሚባል የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ አንዲት ትንሽ አፕዴት ላከ። በደቂቃዎች ውስጥ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ እየሆኑ መውደቅ ጀመሩ። ኩባንያው ችግሩን አይቶ አፕዴቱን የሰበሰበው 2 ሰዓት ከ27 ላይ ነው። ሁሉም ነገር የተፈጸመው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነው ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በኋላ እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተመትተዋል።

መጀመሪያ ብዙ ሰው «ተጠልፈናል» ነው ያለው። ሩሲያ ናት፣ ቻይና ናት የሚል ወሬ በየቦታው ነበር። የኩባንያው ኃላፊ ጆርጅ ከርትዝ ግን የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ በዚያው ቀን ተናገረ። እውነትም አልነበረም። ከሌባ እንዲጠብቅ የተቀጠረው ዘበኛ ራሱ ነው ቤቱን የዘጋው።

ዘበኛ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ፋልከን የሚባለው የክራውድስትራይክ ሶፍትዌር ሥራው በትክክል ጥበቃ ነው። ግቢ በር ላይ ብቻ የሚቆም ዘበኛ ግን አይደለም፤ የሁሉም ክፍል ቁልፍ በእጁ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ከርነል የሚባል እምብርት አለ፤ ፋልከን የሚሠራው እዚያ ነው። ቫይረስ ከሥር ገብቶ እንዳያመልጠው እሱም ከሥር መሆን አለበት ከሚል ነው። ዘበኛው አዳዲስ ሌቦችን እንዲያውቅ ደግሞ ከኩባንያው በየጊዜው የሌባ መልክ የያዘ አዲስ ፋይል ይላክለታል። ይሄ አዲስ ፕሮግራም አይደለም፣ መረጃ ነው። ስለዚህ እንደ ትልቅ አፕዴት ተፈትኖ፣ ቀስ እየተባለ ሳይሆን ለሁሉም ደንበኛ በአንዴ ነበር የሚላከው። «እኛ ከአዲሱ አንድ እርምጃ ወደኋላ እንሁን፣ ሌላው ይሞክረው» ብለው የመረጡ ጥንቁቅ ድርጅቶች ሳይቀሩ ደረሳቸው።

የዚያን ቀኑ ፋይል ምን ነበረበት? ነገሩ ያሳፍራል። አዲሱ ቅጽ 21 ቦታ አለው ተባለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ግን የሚያቀርበው 20 ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሀያ አንደኛውን ሊያነብ እጁን ሲዘረጋ የእሱ ያልሆነ የሜሞሪ ቦታ ውስጥ ገባ። ፋይሎችን ከመላካቸው በፊት የሚፈትሽ ሶፍትዌር ነበራቸው፣ እሱም ራሱ ስህተት ስለነበረበት አሳለፈው። አንድ ቁጥር። ሀያ እና ሀያ አንድ።

ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሲያይ «ይቅር፣ ልለፈው» አይልም። መረጃ እንዳይበላሽ ራሱን ያቆማል፤ ሰማያዊው ስክሪን ይኸው ነው። ሪስታርት ስታደርጉት ዘበኛው ቀድሞ ይነቃል፣ ያንኑ ፋይል ያነባል፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ይወድቃል። ይነሳል፣ ይወድቃል። ይነሳል፣ ይወድቃል።

እዚህ ላይ «አፕዴቱን በ78 ደቂቃ ውስጥ ከሰበሰቡት ታዲያ ለምን ቀናት ፈጀ?» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። እኔም ብዙ ሰው ያልገባው እሱ ይመስለኛል። ያልተነሳ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ የለም። ኢንተርኔት ላይ የሌለን ማሽን ከሩቅ ሆኖ ማስተካከል በአብዛኛው አይቻልም። ስለዚህ ሰው በእግሩ መሄድ ነበረበት። አንድ የአይቲ ሠራተኛ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ጋ ቁጭ ብሎ፣ በሴፍ ሞድ አስነስቶ፣ ያቺን ፋይል ፈልጎ ያጠፋል። ሀያ ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ግማሽ ቀን ነው። አስር ሺህ ላለው ድርጅትስ? በዚያ ላይ ብዙ ድርጅት ኮምፒውተሮቹን ቢትሎከር በሚባለው ስለሚቆልፍ፣ ሴፍ ሞድ ለመግባት ለእያንዳንዱ ማሽን 48 አሃዝ ያለው የራሱ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሮቹ የተቀመጡት የት ነው? አንዳንዱ ቦታ አብሮ በወደቀው ሰርቨር ውስጥ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን መቆለፍ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። አውስትራሊያ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ የያዙ ሰዎች የክፍያ ማሽኖች ፊት ቆመው ቀሩ። እንግሊዝ ገና ነግቶ ነበር፤ ስካይ ኒውስ የጠዋት የቀጥታ ስርጭቱ ተቋረጠ፣ አብዛኞቹ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት ሲስተም ቆመና ሐኪሞቹ ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ። አሜሪካ ገና ሌሊት ነው። አላስካ ውስጥ 911 የአደጋ ጊዜ ጥሪ ለሰዓታት ተስተጓጎለ። ቦስተን ያለው ትልቁ የማስ ጄኔራል ብሪገም የሆስፒታሎች ቡድን አጣዳፊ ያልሆኑ ቀዶ ጥገናዎችንና ቀጠሮዎችን በሙሉ ለዚያ ቀን ሰረዘ። «አጣዳፊ ያልሆነ» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ለዚያ ቀጠሮ ወራት ለጠበቀ፣ ከሥራ ፈቃድ ለወሰደ፣ ሌሊቱን ሳይበላ ላደረ ሰው ግን ሌላ ነው። እናቴን አስታወሰኝ።

ኤርፖርቶቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ሆኑ። ሕንድ ውስጥ የአየር መንገድ ሠራተኞች ቦርዲንግ ፓስ በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ፤ ስም፣ የበረራ ቁጥር፣ ወንበር፣ በእስክሪብቶ። ፎቶው ብዙ ተሳቀበት። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር አደነቅኳቸው፤ ሰው በረረ እኮ! ተቃራኒውን ማየት ከፈለጋችሁ ዴልታን ተመልከቱ። መናኸሪያው አትላንታ ነው፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ። ሌሎች የአሜሪካ አየር መንገዶች በአንድ ሁለት ቀን ሲያገግሙ፣ ዴልታ በአምስት ቀን ውስጥ ወደ 7,000 በረራ ሰረዘ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ተጉላላ። ምክንያቱ የአውሮፕላን እጥረት አልነበረም፣ የአብራሪ እጥረትም አልነበረም። የትኛው አብራሪ የት ከተማ እንዳለ የሚከታተለው ሲስተም ከተነሳ በኋላም የተከማቸውን ለውጥ መቋቋም አቃተው። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ አብራሪው አለ፣ ግን ማን ማንን እንደሚያበር የሚያውቅ የለም። ዴልታ ለቀናት ያለ ወላጅ ብቻቸውን የሚጓዙ ልጆችን አልቀበልም እስከማለት ደረሰ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ክራውድስትራይክ በዚያ ሳምንት አብረውት ለደከሙ አጋሮቹ ይቅርታ ለማለት የ10 ዶላር የኡበር ኢትስ ስጦታ ላከ። ብዙ ሰው በአንዴ ሊጠቀምበት ሲሞክር ኡበር ማጭበርበር መስሎት ዘጋው። ይቅርታውም ሲስተም የለውም።

ልብ በሉ፣ 8.5 ሚሊዮን ብዙ ይመስላል እንጂ በዓለም ላይ ካሉት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንድ በመቶ አይሞላም። እኔና እናንተ ቤት ያለው ላፕቶፕ ምንም አልሆነም፤ ፋልከንን የሚገዛው ግለሰብ አይደለማ። የሚገዙት አየር መንገዶች፣ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች ናቸው። ደህንነት ስለሚያስጨንቃቸው አንድ ጎበዝ ዘበኛ ቀጠሩ፣ ሁሉም ያንኑ አንዱን። እሱ ሲወድቅ አብረው ወደቁ። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉትን ፋይሎች መጀመሪያ ለጥቂቶች፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ለሌላው መላክ ጀምሯል፤ ደንበኛውም መቼ እንደሚቀበል እንዲመርጥ አድርጓል። ይሄ ከሐምሌ በፊትም ይቻል ነበር።

ወደ እኛ አገር ስመጣ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የሆነውን አልረሳችሁትም። አርብ ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲልኩ ፈቀደ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ያኔም «ሃከር ነው» ተባለ፣ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፣ ብሔራዊ ባንክም ችግሩን ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ጋር አያይዞ ገለጸ። ሁላችንም ያወራነው ስለወሰዱት ልጆች ነው። ምንም ሳይወስዱ፣ አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲቋረጥ የራሳቸውን ብር ማውጣት ስላቃታቸው ሰዎች ግን ማን አወራ?

እኔን የሚያሳስበኝ ሲስተም መውደቁ አይደለም፤ ማሽን ነው፣ ይወድቃል። የሚያሳስበኝ ሲወድቅ የሚኬድበትን የድሮውን መንገድ እየዘጋነው መሄዳችን ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ጥሩ ጎን አለው፣ አልክድም። ግን ክፍያው ሲቆም ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር ያለው የታክሲ ሹፌር ማደያው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። የእንግሊዞቹ ሐኪሞች ወረቀት ላይ መጻፍ የቻሉት ወረቀቱ ስላለና ሐኪሙ ያለ ኮምፒውተር እንዲሠራ የሚፈቅድ አሠራር ስላለ ነው። እናቴ ጋ ያለችው ልጅ ባዶ ወረቀት አጥታ አይደለም። «ሲስተም ሲጠፋ እንዲህ አድርጊ» ያላት አለቃ የለም።

ድርጅቶቹ እስኪያስቡበት እኛ የምንችላት ትንሽ ነገር አለች። ለሁለት ቀን የሚሆን ጥሬ ብር ቤት አስቀምጡ። በሞባይል ከፍላችሁ መልስ ሳይመጣ ከቀረ ወዲያው ደግማችሁ አትላኩ፤ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥባችሁ ይችላል፣ መጀመሪያ ሒሳባችሁን እዩ። ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ያቺ አርብ ገና ሳትመሽ «የክራውድስትራይክ ድጋፍ ሰጪ ነን» የሚሉ አጭበርባሪዎች ሐሰተኛ ኢሜይልና ድረ ገጽ ይዘው መጥተው ነበር። እዚህም ሲስተም በተቋረጠ ቁጥር «ከባንክ ነው የምደውልልዎት፣ ሒሳብዎን ላስተካክል» የሚል ይደውላል። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ የባንክ ሠራተኛ የለም፤ ስልኩን ዝጉት።

ለእናቴ ደብተር ገዛሁላት፣ ባለ 50 ቅጠል። የካርድ ቁጥሯ፣ የመድኃኒቷ ስምና መጠን፣ የስኳር ልኬቷ ከነቀኑ አለበት፤ ገጾቹንም ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ ይዣለሁ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስንሄድ ሲስተሙ ነበር፣ በሃያ ደቂቃ ጨረስን። ደብተሩን ግን ሐኪሙ ተቀብሎ ገልጦ ገልጦ አየውና፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሦስት ወር በፊቱ ብቻ እንዳለ፣ የየሳምንቱን ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም።