ለሚማታ ባል የተዘጋጀ ትምህርት

በጌዴኦ፣ ዲላም ይሁን ይርጋጨፌ፣ ባል ሚስቱን ሲደበድብ ነገሩ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ሴቲቱ ልጇን አዝላ ወላጆቿ ቤት ትገባለች፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ከከበደም ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ይቀመጥበታል። ጥፋተኛው ተወቅሶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሌላው መንገድ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ነው ይላል። ሽማግሌው ያስታርቃል፣ ዳኛው ይቀጣል። ሰውየው ግን ለምን እንደሚማታ ቁጭ ብሎ እንዲያስብና ሌላ ዓይነት ባልነት እንዲለማመድ የሚያደርገው ማን ነው?

ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ፕሮግራሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቦስተን ውስጥ «ኢመርጅ» የሚባለው ተቋም ተጀመረ። በ1981 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት ያለችው የዱሉት ከተማ ፖሊሱን፣ ፍርድ ቤቱንና የሴቶች መጠለያውን አንድ ላይ ያሠራ አሠራር ዘረጋች። ኤለን ፔንስ እና ማይክል ፔይማር ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። በዚህ አሠራር ፍርድ ቤት የላከው ወንድ ከመሰሎቹ ጋር በየሳምንቱ ለወራት ይሰበሰባል። ከቀረ መቅረቱ ለፍርድ ቤቱ ይነገራል።

የዱሉት አወያዮች የሚያስተምሩበት ሥዕል ጎማ ይመስላል። የተሣለው የተደበደቡ ሴቶች ከተናገሩት ተነስቶ ነው። እምብርቱ ላይ ሥልጣንና ቁጥጥር ተጽፏል። ማስፈራራት፣ ከዘመድ መነጠል፣ ገንዘብ መከልከል፣ በልጆች ማስጨነቅ፣ ማዋረድ፣ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ማለት በመሃል ተደርድረዋል። ዱላው ዙሪያውን አቅፎ የያዘ ክብ ነው። ሚስት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብትመታም በቀሩት ቀናት ባሏን እንድትፈራ የሚያደርጓት መሃል ያሉት ናቸው።

ወደ ጌዴኦ ብናመጣው፣ እሸት ቡናው ሲሸጥ ብሩ በማን እጅ ይገባል የሚለው ጥያቄ ከጎማው አንዱ ክፍል ላይ ይወድቃል። እንሰቱን ስትፍቅ የከረመች ሴት ለጨው ባሏን የምትለምን ከሆነ ቁጥጥሩ ያለ ዱላም አለ።

ወንዶቹ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት ንዴት ነው፤ አንዳንዱም መጠጥ ይጨምርበታል። አወያዩ ይህን አይቀበልም። አለቃው ሲያናድደው እጁን የሚሰበስብ ሰው፣ ፖሊስ ፊት የማይሳደብ ሰው፣ ማታ ሚስቱ ላይ ብቻ የሚፈነዳ ከሆነ ራሱን መቆጣጠር ያውቅበታል ማለት ነው። ለእኔ ከጠቅላላው ትምህርት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሽምግልናችን «ሰክሮ ነው» የሚለውን ማመካኛ በቀላሉ ይቀበላል።

ይሠራል ወይ? ስለ ዱሉትና መሰሎቹ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት የተደበላለቀ ነው። አንዳንዱ ለውጥ ያገኛል፣ አንዳንዱ ጥቂት ብቻ።

በአገራችን በጥናት የተፈተሸው ሙከራ መልኩ ሌላ ነው። በጉራጌ ዞን «ለተሻለ ሕይወት እንተባበር» እንደማለት ያለ ስም የተሰጠው ፕሮግራም በ64 መንደሮች ላይ ተጠንቷል። ኤንጀንደርኸልዝ የተባለው ድርጅትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፈውበታል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም ብል አልሳሳትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ እዚያው ጉራጌ ውስጥ ቡታጅራ አካባቢ ካሉና ባል ወይም የወንድ ጓደኛ ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶው በሕይወታቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

ይኸኛው ፕሮግራም ፍርድ ቤት የላከውን ወንድ ሳይሆን የመንደሩን ሰው ነው የሰበሰበው። ውይይቱ በ14 ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን የተካሄደውም ቡና ተፈልቶ ነው። በአንዳንድ መንደር ሴቶች ብቻ፣ በሌላው ወንዶች ብቻ፣ በሦስተኛው ባልና ሚስት አንድ ላይ ተወያዩ፤ አራተኞቹ ለማነጻጸሪያ ተተዉ። ለውጡ ጎልቶ የታየው ወንዶቹ ለብቻቸው በተቀመጡበት ነው። ሚስትን ለወሲብ ማስገደድ እንደቀነሰ ራሳቸው ተናገሩ። ሴቶችን ብቻ ሰብስቦ ማስተማር ግን ጥቃቱን አልቀነሰም። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም፤ ዱላው ያለው በእሷ እጅ አይደለማ። ለነገሩ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ምግብ ማሳረርን በመሰለ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስትን መምታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ነበሩ። አመለካከቱና ዱላው ሁልጊዜ አንድ ቤት አያድሩም።

የወንዱን ቃል ብቻ ማመን ግን አደገኛ ነው። ጠንካራ የሚባሉት የውጭ ፕሮግራሞች ሚስቲቱን ለብቻዋ የሚያነጋግር ሠራተኛ አላቸው። ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም የሚለውን የምትመሰክረው እሷ ናት። ባልና ሚስትን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ችግራችሁን ተናገሩ» ማለትም ጣጣ አለው፤ ቀን ለተናገረችው ማታ ትከፍልበታለች።

ጌዴኦ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሥራ ለሚጀምር ሰው ጥሪውን የሚያከብድ አካል ያስፈልገዋል። ዱሉት ፍርድ ቤቱ ነበራት። እዚህ ሶንጎ አለ፤ በጎረቤት ጉጂ ደግሞ ባል ድንበር ሲያልፍ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው የሚወጡበት ሥርዓት አለ። ሶንጎው ሲያስታርቅ የቅጣቱ አካል አድርጎ ሰውየው ለወራት ውይይት እንዲቀመጥ ቢወስን፣ ቀሪውን የሚቆጥርለት ሰው ቢመድብ፣ ሴቲቱንም ባሏና አማቶቿ በሌሉበት የምታናግራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢጨምር፣ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ ነገር የለም። ከባድ ጉዳት የደረሰባት እንደሆነ ግን ጉዳዩ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ውይይቱ ክሱን አያስቀረውም።